አረፋ፣ ስንጥቅና ስፌት

ክረምቱ ሲበረታ የሽንፋ ወንዝ ከቋራ ቆላ ደፍርሶ ይወርዳል። የሱዳንን ድንበር ሲሻገር ስሙ ራህድ ይሆንና በገዳሪፍ ሜዳ እየተጠማዘዘ ሀዋታ ከተማ ይደርሳል። በመተማ በኩል አልፎ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ገዳሪፍ የወረደ ብዙ የአገሬ ሰው ይህን ውሃ ያውቀዋል። ደለል የጠገበ፣ ቅጠልና ግንድ የሚያንከባልል፣ በየመታጠፊያው ቡናማ አረፋ የሚቆልል ወንዝ ነው። አረፋውን የሚያመጣው ከበሰበሰ ቅጠልና ሥር ወደ ውሃው የሚሟሟ ነገር ነው። የውሃውን የገጽ ውጥረት ያላላዋል፤ ውሃው ሲናወጥ የገባው አየርም ቶሎ እንዳይፈነዳ ይይዘዋል።

አንድ የአኒሜሽን ባለሙያ ይህን ወንዝ በኮምፒውተር ልሥራ ብሎ ይነሳ። መጀመሪያ የሚያደርገው የሚታወቅ ነው፤ መዳፍ የምታክል አረፋ ፎቶ ያነሳና ምስሉን ጎን ለጎን እየደረደረ ወንዙን ያለብሰዋል። ውጤቱ ወዲያው ይጋለጣል። በየምስሉ ጠርዝ ግማሿ የተቆረጠች አረፋ ከማታውቃት ሌላ ግማሽ ጋር ተገጣጥማ ትታያለች፤ አንዷ ትልቅ አረፋም በየተወሰነ ርቀት ደጋግማ ብቅ ትላለች። ዓይናችን ድግግሞሽን አያሳልፍም። ስፌቱ የማይታይ የአረፋ ቴክስቸር፣ ማለትም ገጽን የሚያለብስ ምስል፣ እንዴት ይሠራል የሚለው ጥያቄ ቀላል ቢመስልም፣ መልሱ የተገኘው ኮምፒውተር ገና ሳይሠራ በተጀመረ ፍለጋ ነው።

ከቅርቡ ልጀምር። ምስልን በኮምፒውተር በተሠራ ጠመዝማዛ ገጽ ላይ ማልበስን እ.ኤ.አ. በ1974 በዩታ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፉ ያሳየው ኤድ ካትመል ነው። ያ መንገድ ግን ፎቶ ይጠይቃል፣ ፎቶ ደግሞ ጠርዝ አለው። ኬን ፐርሊን ሌላ በር ከፈተ። በ1982 ለወጣው ትሮን ፊልም ሲሠራ የኮምፒውተር ምስሎች ሁሉ የማሽን መልክ መያዛቸው አላስደሰተውም። በ1983 ኖይዝ የተባለውን ቀመር ሠራ፤ በ1985 አሳተመው፤ በ1997ም የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ የቴክኒክ ሽልማት ሰጠው። ቀመሩ የተቀመጠ ምስል የለውም። የትኛውም ነጥብ ላይ «እዚህ ቦታ ምን ያህል ይድመቅ?» ተብሎ ሲጠየቅ በዘፈቀደ ከተደባለቀ የቁጥር ሠንጠረዥ አስልቶ ይመልሳል። በተለመደው አሠራር ሠንጠረዡ 256 ቁጥሮች አሉት፤ የመጨረሻው ሲያልቅ ወደ መጀመሪያው ይዞራል። ስለዚህ ምስሉ ሙሉውን ዙር ከሸፈነ የቀኙ ጠርዝ ከግራው ጋር ይገጥማል፣ ስፌትም አይኖርም።

የዚህ ሁሉ ታሪክ አስኳል ለእኔ እዚህ ነው። ፎቶ ጠርዝ አለው፣ ሕግ ግን ጠርዝ የለውም። አንድን ነገር የሚያበጀውን ሕግ ያወቀ ሰው ስፌት መደበቅ አያስፈልገውም።

የፐርሊን ቀመር ደመናን፣ እብነ በረድን፣ ጭስን ያሳምራል። አረፋን ግን አይችልም። አረፋ ግድግዳ አለው፣ ክፍል አለው፣ ጎረቤት አለው። ታዲያ የአረፋ ሕግ ምንድን ነው? ይህን ለማወቅ በዘመን ወደ ኋላ፣ ወደ ቤልጅየም፣ ወደ ጄንት ከተማ መመለስ ያስፈልጋል። የፊዚክስ ሊቁ ዮሴፍ ፕላቶ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። የሽቦ ቅርጾችን ሳሙናና ግሊሰሪን በተቀላቀለበት ፈሳሽ ውስጥ እያስነከረ፣ የሚፈጠረውን ስስ ገለፈት ቤተሰቡና ረዳቶቹ አይተው ይነግሩት ነበር፤ እርሱ ደግሞ ያስባል። በ1873 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ሕጎቹ ተቀምጠዋል። የአረፋ ግድግዳዎች በአንድ መስመር የሚገናኙት ሁልጊዜ ሦስት ሆነው ነው፣ በመካከላቸው ያለው ማዕዘንም 120 ዲግሪ ነው። መስመሮቹ ደግሞ አራት አራት ሆነው በአንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ፣ በ109.5 ዲግሪ ገደማ። አራት ግድግዳ በአንድ መስመር ላይ ቢገናኝ ወዲያው ተንሸራቶ ሦስት ሦስት ይሆናል። አንድ ዓይነ ስውር ሰው በሌሎች ዓይን አይቶ የደረሰበትን ይህን ነገር ዣን ቴይለር በሒሳብ ያረጋገጠችው በ1976 ነው፤ መቶ ዓመት አልፎ።

በመካከሉ ሎርድ ኬልቪን በ1887 ሌላ ጥያቄ አንስቶ ነበር። ቦታን እኩል መጠን ባላቸው ክፍሎች፣ በትንሹ ግድግዳ ለመሙላት የቱ ቅርጽ ይሻላል? የእርሱ መልስ 14 ገጽ ያለው ቅርጽ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ የሚበልጠው አልተገኘም። በ1993 ደብሊን ውስጥ ዴኒስ ዊየርና ሮበርት ፌላን 12 ገጽና 14 ገጽ ያላቸውን ሁለት ዓይነት ክፍሎች ቀላቅለው ግድግዳውን በ0.3 በመቶ ገደማ ቀነሱት። የቤጂንግ የ2008 ኦሎምፒክ የዋና አዳራሽ ግድግዳ የተቀረጸው በዚሁ አደራደር ነው።

ወደ ኮምፒውተሩ እንመለስ። በ1996 ስቲቨን ዎርሊ ያቀረበው ቀመር በጣም ያስደስተኛል፣ ቀላልነቱ ስለሚገርም። በገጹ ላይ ነጥቦችን በዘፈቀደ ዝራ። ከዚያ በእያንዳንዱ ፒክስል ላይ ሁለት ርቀት ለካ፦ ቅርብ ወዳለው ነጥብ ያለውንና ወደ ሁለተኛው ቅርብ ያለውን። ሁለቱ እኩል ሊሆኑ ሲቃረቡ ፒክስሉ ድንበር ላይ ነው፤ እዚያ ግድግዳ ሳል። ነጥቦቹ የአረፋ እምብርት ሆኑ፣ ልዩነቱ ግድግዳ ሆነ። ስፌቱን ለማጥፋት ከቀኝ ጠርዝ አጠገብ ያለችውን ነጥብ በግራ በኩልም እንዳለች መቁጠር ብቻ ይበቃል፤ ከላይና ከታችም እንዲሁ። ዛሬ ብሌንደር በተባለው የምስል መሥሪያ ፕሮግራም የሚሠራ ማንኛውም ወጣት «ቮሮኖይ» የሚለውን ሲጫን የሚያገኘው የዚህን ቀመር ልጅ ነው።

የሚወጣው ምስል ግን ለብዙዎች አረፋ አይመስላቸውም፣ የተሰነጠቀ ጭቃ እንጂ። ለምን? በዘፈቀደ ከተዘሩ ነጥቦች የሚወጡ ድንበሮች ሦስት ሦስት ሆነው ቢገናኙም ማዕዘናቸው 120 አይሆንም፤ አንዱ ሾጣጣ፣ ሌላው ሰፊ ይሆናል። ነጥቦቹን ወደየክፍላቸው መሃል ደጋግሞ በማስጠጋት ማዕዘኑን ማቅናት ይቻላል፣ ግን ሲበዛ ሁሉም እኩል ይሆንና ሕይወቱ ይጠፋል። እውነተኛ አረፋ ትልቅና ትንሽ አለው፣ ይህም ምክንያት አለው። በ1952 ጆን ፎን ኖይማን በጠፍጣፋ አረፋ ላይ እንዳሳየው ከስድስት በላይ ጎን ያለው ክፍል እየሰፋ ይሄዳል፣ ከስድስት ያነሰ ጎን ያለው እየጠበበ ይጠፋል። አየሩ በግድግዳው ውስጥ ከትንሹ ወደ ትልቁ ቀስ ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ጥሩ የአረፋ ቴክስቸር ዕድሜ አለው፤ ትኩሱ ደቃቅና ተቀራራቢ፣ የቆየው ሰፋፊና የተዘበራረቀ።

ሌላው የሚረሳው ነገር እርጥበት ነው። ገና የወጣ አረፋ በመካከሉ ብዙ ውሃ ስላለ ክፍሎቹ ክብ ናቸው፤ ውሃው ወደ ታች ሲንጠፈጠፍ ግድግዳው ይሳሳና ክቡ ባለ ማዕዘን ይሆናል። ይህን ለማየት ወንዝ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። እንጀራ በራሱ የደረቀ አረፋ ነው። በእርሾ የቦካው ሊጥ ጋዙን ይዞ ምጣድ ላይ ሲፈስ እንፋሎቱ ወደ ላይ ገፍቶ ይፈነዳል፣ ዓይኑ ክብ ሆኖ ይቀራል፤ በግድግዳውም መካከል ሊጥ አለ፣ ውሃው ተንጠፍጥፎ ሳያልቅ ስለደረቀ። የታችኛው ገጹ ልስልስ ነው። እንጀራን በቮሮኖይ ብቻ ለመሥራት የሚሞክር ሰው የማር ሰፈፍ የመሰለ ነገር የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ግድግዳውን ማወፈርና ማዕዘኑን ማክበብ አለበት። ቀለሙን ብቻ መሳልም አይበቃም። የዓይኑ ጥልቀት፣ የብርሃኑ አመላለስ፣ የገጹ ሸካራነት ለየብቻቸው በተሠሩ ምስሎች ለኮምፒውተሩ ይነገራሉ፣ ሁሉም በአንድ ስፌት አልባ ሥርዓት ላይ ተደራርበው።

ወደ ሀዋታ ልመለስና ያንን «የተሰነጠቀ ጭቃ» ልውሰደው፣ ሊጣል የሚገባው አይመስለኝምና። የገዳሪፍ ሜዳ ጥቁር ዋልካ ነው። ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ማሽላውና ሰሊጡ ከተነሳ በኋላ መሬቱ በሰፋፊ ክፍሎች ይከፋፈላል። እዚህ ላይ ሕጉ ከአረፋው የተለየ ነው። መጀመሪያ የወጣው ስንጥቅ ውጥረቱን በጎኑ ስለሚያላላ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ስንጥቅ ወደ እርሱ በ90 ዲግሪ ይጠጋል። ስለዚህ አዲስ ጭቃ ላይ የምናየው የቲ ቅርጽ ያለው መገናኛ ነው። ሉካስ ጎሪንግና ባልደረቦቹ በ2010 ያሳተሙት ሙከራ ግን አስገራሚ ነገር አሳየ። ያንኑ ሸክላ ደጋግመው ሲያረጥቡትና ሲያደርቁት ስንጥቆቹ በየዙሩ በቀድሞው መንገዳቸው ይመለሳሉ፤ የሚከፈቱበት ቅደም ተከተል ግን ይቀያየራል፣ መገናኛውም ቀስ በቀስ ይጠመዘዛል። ቲው ወደ 120 ዲግሪ፣ ወደ ዋይ ቅርጽ ይሄዳል። ፕላቶ በሳሙና ገለፈት ያገኘው ማዕዘን፣ በሌላ ምክንያትና በሌላ ቁስ፣ ጭቃው ውስጥ ተገኘ።

ይህ ለሠሪው የሚሰጠው ነገር አለ። ወንዙ ዳር፣ ደለል በየዓመቱ አዲስ ሆኖ በሚተኛበት ቦታ፣ የስንጥቁ መገናኛ አብዛኛው ቲ መሆን አለበት። ማረሻና ትራክተር ያልነካው፣ ብዙ ክረምትና በጋ ያሳለፈ ዋልካ ላይ ደግሞ ወደ ዋይ ያዘነብላል ብዬ አምናለሁ። ሁለቱን በአንድ ዓይነት ቮሮኖይ የሚሸፍን ሥራ የመሬቱን ዕድሜ ያጠፋዋል። ነጥቦቹን አንዴ ዘርቶ፣ በዳርቻው ግድግዳዎቹን በቅደም ተከተል እያወጣ አንዱ በሌላው ላይ እንዲቆም ማድረግ፣ በሜዳው ላይ ደግሞ ወደ መሃል ማስጠጋቱን ጥቂት ዙር ብቻ ማስኬድ ይቻላል።

ድግግሞሹን ለማጥፋትም አንድ ትልቅ ምስል ከመጫን ይልቅ ርዝመታቸው የጋራ አካፋይ የሌለው ሁለት ስፌት አልባ ንብርብሮችን መደራረብ ይሻላል። አንዱ በየ7 ሜትሩ ቢደገምና ሌላው በየ11 ሜትሩ ቢደገም፣ ሁለቱ ተገናኝተው አንድ ዓይነት ምስል የሚሰጡት 77 ሜትር ላይ ነው። ከወንዙ ዳር ቆሞ ለሚያይ ካሜራ ይህ ከበቂ በላይ ነው።