ከሲዲ ወደ ኪስ፦ የጥራትና የጉላት ጉዳይ

የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን የፒያኖ ሥራዎች የያዘው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ 21ኛ ሲዲ በ2006 ወጣ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይህን ሲዲና የቅርብ ጊዜ የጭፈራ አልበም አንድ ላይ በኪስ ማጫወቻው የጫነ ሰው የሚገጥመው ነገር አለ። ፒያኖው ሲመጣ ረጋ ያሉት ቦታዎች እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ቀጥሎ የጭፈራው ዘፈን ሲገባ ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅሎ ይጥላል። አንዳንዱ አድማጭ ከዚህ ተነሥቶ ፒያኖው ሲገለበጥ ተበላሽቷል ብሎ ያስባል፤ ሌላው ደግሞ ፋይሉን በሶፍትዌር ያስጮኸዋል። የመጀመሪያው ፍርድ ትክክል አይደለም፤ ሁለተኛው መፍትሔ ደግሞ ደህና የነበረውን ሙዚቃ ሊያበላሽ ይችላል። ጥራትና ጉላት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና፣ ዘፈኑ ከሲዲ ወደ ኪስ ሲጓዝ እያንዳንዳቸው የሚነኩበትን ቦታ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሲዲን ሶኒና ፊሊፕስ አብረው አበጁት፤ በ1982 በጃፓን ለገበያ ቀረበ። ድምፅን የሚይዘው በቁጥር ነው። የድምፁ ሞገድ ያለበት ከፍታ በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ፣ ለግራና ለቀኝ ለየብቻ ይለካል። እያንዳንዱ ልኬት በ16 ቢት ስለሚጻፍ 65,536 ከሚሆኑ ደረጃዎች በአንዱ ላይ ያርፋል። ይህ ሁሉ ሲደመር በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት፣ በደቂቃ ደግሞ 10 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። የደረጃዎቹ መጨረሻ ጣሪያ ነው፤ የድምፅ ባለሙያዎች ዜሮ ዴሲቤል ይሉታል። ከዚያ በላይ የሚጻፍ ቁጥር የለም። አልፎ ለመሄድ የሞከረ ሞገድ ጫፉ ይቆረጥና ድምፁ ይሻክራል።

ጥራት መጀመሪያ አደጋ ላይ የሚወድቀው ሲዲው በኮምፒውተር ሲነበብ ነው። ሰነድና ፎቶ በሚይዝ ሲዲ ላይ የንባብ ስሕተትን የሚያርም ተጨማሪ መጠበቂያ አለ፤ በሙዚቃ ሲዲ ላይ ግን ያ ተጨማሪ መጠበቂያ የለም። ጭረቱ መሠረታዊው ማረሚያ ከሚችለው በላይ ሲሆን፣ ማጫወቻው ከክፍተቱ በፊትና በኋላ ካሉት ልኬቶች ተነሥቶ የጎደለውን በግምት ይሞላዋል። ሳሎን ውስጥ ለሚያዳምጥ ሰው ይህ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ዘፈኑ አይቋረጥበትም። ለዘለቄታው በሚቀመጥ ቅጂ ላይ ግን ግምቱ እንደ እውነተኛው ድምፅ ሆኖ ይቀራል። በ1998 ብቅ ያለው «ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ» የተባለው ሶፍትዌር የተወደደው ለዚህ ነው። የሚያጠራጥር ቦታ ሲያገኝ ደጋግሞ ያነባል፤ ውጤቱንም ሌሎች ሰዎች ከዚያው ሲዲ ካገኙት ንባብ ጋር ያመሳክራል። በጥቂት ቅጂ የታተመ የአገር ቤት ሲዲ በማመሳከሪያው መዝገብ ውስጥ ላይገኝ ይችላል። ያኔ ሁለት ጊዜ አንብቦ ሁለቱን ንባቦች ማወዳደር ይበቃል። ንባቡ ትክክል ከሆነ በኮምፒውተሩ ላይ ያለው ድምፅ በሲዲው ላይ ካለው በምንም አይለይም፤ ጉላቱም አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

ቀጥሎ የሚመጣው ማመቅ፣ ማለትም ፋይሉን እንደ ኤምፒስሪ ወዳለ አነስተኛ ዓይነት መለወጥ ነው። ኤምፒስሪን በዋናነት ያበጁት በጀርመን ኤርላንገን ከተማ ባለው የፍራውንሆፈር ተቋም የነበሩ ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ካርልሃይንዝ ብራንደንቡርግ ነው። የሥራቸው መሠረት የጆሮ ጠባይ ነው። ጎላ ያለ ድምፅ በአጠገቡ ያለውን ደካማ ድምፅ ይሸፍነዋል፤ ጆሮ የማይሰማውን በትክክል መጻፍ ደግሞ አያስፈልግም። ብራንደንቡርግ ሥራውን ከፈተነባቸው ዘፈኖች አንዱ የሱዛን ቬጋ «ቶምስ ዳይነር» ነበር። ያለ መሣሪያ በሰው ድምፅ ብቻ የተዘፈነ ስለሆነ ጥፋቱን የሚሸፍንለት ነገር የለም፤ የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎችም ክፉኛ አበላሽተውት ነበር።

በሰከንድ 128 ኪሎቢት የተያዘ ኤምፒስሪ ከሲዲው አንድ አሥራ አንደኛ ያህሉን ብቻ ይዟል። ያም ሆኖ ዜማውም ግጥሙም ይሰማል፤ ይህ በእርግጥ የሚደነቅ ሥራ ነው። ጉዳቱ የሚታወቀው ድንገት በሚፈነዱ ድምፆች ላይ ነው። ኤምፒስሪ ድምፁን የሚያስተናግደው እያንዳንዳቸው 26 ሚሊሰከንድ በሚሆኑ ቁርጥራጮች ነው። ጭብጨባ በአንዱ ቁርጥራጭ መካከል ሲያርፍ የማመቁ ርዝራዥ ከጭብጨባው ቀድሞ ይበተናል፤ ስለዚህ ጥርት ብሎ መምጣት የነበረበት ምት ፍዝዝ ብሎ ይገባል። በጭብጨባ፣ በጸናጽልና በሲምባል የተሞላ ሙዚቃ የሚወድ ሰው ከ128 መራቅ አለበት የምለው ለዚህ ነው። ከ256 በላይ ሲሆን በጥሩ ማዳመጫም ቢሆን ከሲዲው መለየት ለአብዛኛው ሰው በጣም ይከብዳል።

በመጀመሪያዎቹ የኪስ ማጫወቻዎች ዘመን ሰው 128ን የመረጠው ወድዶ አልነበረም። በጥቅምት 2001 የወጣው የመጀመሪያው አይፖድ የነበረው ቦታ 5 ጊጋባይት ብቻ ነው። «1,000 ዘፈን በኪስዎ» የሚለው ማስታወቂያ የሚያስኬደው እያንዳንዱ ዘፈን 5 ሜጋባይት ገደማ ሲሆን ነው። በሲዲው ልክ ቢጫን ግን የስምንት ሰዓት ያህል ሙዚቃ ይዞ ይሞላል። ዛሬ ሚሞሪ ካርድ ረክሷል። በዚያው በ2001 የወጣው ፍላክ የሚባለው ዓይነት ፋይል ደግሞ አንዲት ልኬት ሳይጥል ሲዲውን ወደ ግማሽ ገደማ ያሳንሰዋል። ስለዚህ ሲዲውን አንድ ጊዜ ወደ ፍላክ አውጥቶ ማስቀመጥ፣ ለኪስ የሚሆነውንም ኤምፒስሪ ከዚያ መሥራት ይሻላል። 128 የነበረን ፋይል ወደ 320 መቀየር ግን መጠኑን ያሳብጣል እንጂ የተጣለውን አይመልስም።

እስካሁን ያየነው ሁሉ ፒያኖውና ጭፈራው ለምን በጉላት እንደተለያዩ አያስረዳም። ልዩነቱ የተወለደው ሲዲው ከመታተሙ በፊት፣ ቀረጻው ለኅትመት በሚሰናዳበት በማስተሪንግ ክፍል ውስጥ ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን በተለይ ወፍራሙን ድምፅ ይነፈጋል። በመሆኑም አንዱን ቀረጻ በሁለት ጉላት ብናሰማ ጎላ ያለው የበለጠ የሞላና የጠራ ይመስላል። አሳታሚዎች ይህን ያውቃሉ። ጣሪያውን ከፍ ማድረግ ስለማይቻል ከታች ያለውን ወደ ላይ ገፉት፤ ሊሚተር በሚባለው መሣሪያ የከበሮውን ጫፍ ደፍጥጠው የቀረውን ሁሉ አስጮኹ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ እያንዳንዱ አልበም ከቀደመው ለመብለጥ ሲሞክር፣ ነገሩ በታክሲ ተራ ላይ እንደሚፎካከሩ ረዳቶች ጥሪ ሆነ፤ ሁሉም ይጮኻል፣ የማንም አይለይም። ሜታሊካ የተባለው የሮክ ቡድን አልበም «ዴዝ ማግኔቲክ» በ2008 ሲወጣ አድናቂዎቹ ራሳቸው አቤቱታ አሰሙ። የዚያው አልበም ዘፈኖች «ጊታር ሂሮ» ለተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ሲቀርቡ ያን ያህል አልተደፈጠጡም ነበርና፣ የጨዋታው ቅጂ ከሲዲው ተሽሎ ተገኘ።

እንዲህ ያለ ሲዲ ወደ ኤምፒስሪ ሲለወጥ ሌላ ጣጣ ይከተላል። ማመቁ የሞገዱን ቅርጽ በጥቂቱ ስለሚለውጥ፣ ጣሪያው ሥር ተጠግቶ የነበረ ጫፍ ሲጫወት ከጣሪያው በላይ ይወጣና ይቆረጣል። ሰው መሻከሩን ሲሰማ የኤምፒስሪ ጥፋት ይመስለዋል፤ ሥሩ ግን ያለው በማስተሪንጉ ነው።

ብዙ ሲዲ ገልባጭ ሶፍትዌሮች «ኖርማላይዝ» የሚል ምርጫ አላቸው። እኔ አጥፉት እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው የዘፈኑን ከፍተኛ ጫፍ ብቻ ነው፤ የፒያኖው አንድ ብርቱ ምት ቀድሞውኑ ጣሪያውን ከነካ ምንም የሚጨምረው ነገር የለም። ጆሮ የሚፈርደው ደግሞ በጫፍ ሳይሆን በአማካይ ጉላት ነው። ትክክለኛውን መንገድ በ2001 ያቀረበው ዴቪድ ሮቢንሰን ነው፤ ዘዴው «ሪፕሌይ ጌይን» ይባላል። ሶፍትዌሩ የዘፈኑን ጉላት ጆሮ በሚሰማው መንገድ ይለካና «ሲጫወት በዚህን ያህል ዴሲቤል ይቀነስ» ወይም «ይጨመር» የሚል ማስታወሻ ከፋይሉ ጋር ያስቀምጣል። ድምፁ ራሱ አይነካም፤ ማስታወሻውን ያጠፋ ሰው የቀድሞውን ድምፅ እንዳለ ያገኘዋል። የአፕል «ሳውንድ ቼክ» ሐሳቡ ተመሳሳይ ነው። ማስታወሻውን ማንበብ ለማይችሉ ርካሽ ማጫወቻዎች «ኤምፒስሪ ጌይን» የተባለ ሶፍትዌር አለ። በፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን የጉላት ቁጥር በ1.5 ዴሲቤል እርምጃ ይለውጣል፤ እንደገና ስለማያምቅ ጥራት አይቀንስም፣ ወደ ነበረበትም መመለስ ይቻላል።

ማስታወሻው በዘፈን ወይም በአልበም ሊሰላ ይችላል፤ ምርጫው ቀላል አይደለም። ድምፃዊውና ባለሙያው ትዝታው ዝቅ ብሎ ጭፈራው ከፍ እንዲል አስበው ያዘጋጁትን አልበም በዘፈን ማስተካከል ማለት ሐሳባቸውን መሻር ነው። ሙሉ አልበም ለሚያዳምጥ ሰው የአልበሙ ስሌት ይበልጣል፤ የተደባለቀ ዝርዝር ለሚያጫውት ደግሞ የዘፈኑ። የአውሮፓ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ኅብረት በ2010 «አር 128» በሚባለው ምክሩ ጉላትን በጫፍ ሳይሆን በአማካይ ወደ መለካት ሐሳብ መጣ። ዛሬ ስፖቲፋይን የመሰሉ አገልግሎቶችም ዘፈኖችን በአማካይ ጉላት ያቀራርባሉ፤ ስለዚህ ደፍጥጦ ማስጮህ የቀድሞውን ጥቅም አይሰጥም።

ማስተካከያው ሲበራ የሚጮኹት ዘፈኖች ስለሚቀነሱ ማጫወቻው አቅም ያነሰው ይመስላል። ቁልፉን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይበቃል፤ ለጆሮም ቢሆን በድንገት ከሚወርድበት ጩኸት ይልቅ ይህ ይሻለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ጆሮ ላይ በሚደርስ የ80 ዴሲቤል ድምፅ ቢበዛ በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ 90 ሲደርስ ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል።

በአገር ቤትም በውጭም በየቤቱ ካሉት ሲዲዎች ብዙዎቹ ከሰው ወደ ሰው የተገለበጡ ናቸው። አንዳንዶቹ ከኤምፒስሪ ተነሥተው የተቃጠሉ ስለሆኑ ሲዲ ይምሰሉ እንጂ ድምፃቸው አስቀድሞ ታምቋል። የድምፅን ስፔክትረም በሚያሳይ ሶፍትዌር ሲታዩ ከ16 ሺህ ኸርዝ አካባቢ በላይ ባዶ ሆኖ የተቆረጠ ወሰን ከታየ፣ ጥርጣሬው ተገቢ ነው። አሮጌ ካሴትም ቀጭኑን ድምፅ ያጣል፤ እሱ ግን የሚደበዝዘው ቀስ በቀስ እንጂ በቢላ እንደተቆረጠ ሆኖ አይደለም። እንዲህ ያለውን ሲዲ ሁለተኛ ወደ ኤምፒስሪ ማመቅ ጉዳቱን ይደራርበዋል። ወደ ፍላክ አውጥቶ እንዳለ ማኖር፣ የመጀመሪያው ኅትመት በተገኘ ጊዜም በእሱ መተካት ይሻላል። በቤት የተቃጠለ ሲዲ ቀለሙ በብርሃንና በሙቀት ስለሚጎዳ፣ ከኅትመቶቹ አስቀድሞ መገልበጥ ያለበት እሱ ነው።