የታላቅ እህት ደመወዝ

በ1960ዎቹ (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ ኮሪያ ገጠር ጸጉር ገዢዎች ከደጅ ደጅ ይዞሩ ነበር። ሲጣሩ ሴቶቹ ይወጣሉ፤ ለዓመታት ያሳደጉት ጸጉር ይቆረጥና በጥቂት ገንዘብ ይሸጣል። ጸጉሩ ሴኡል ሲደርስ፣ ከዚያው ገጠር የመጡ የአሥራ ስድስትና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃገረዶች በተደረደሩበት ፋብሪካ ውስጥ ዊግ ይሆናል። ልጅቷ ባለ መንጠቆ በሆነች ቀጭን መርፌ አንድ ሁለት ዘለላ እየሳበች በስስ መረብ ላይ ትቋጥራለች። ከመረቡ ቀዳዳ ዓይኗን ካነሳች ቋጠሮው ይስትባታል፤ ስለዚህ ከጠዋት እስከ ምሽት አንገቷን አታቃናም። አሜሪካ በ1960ዎቹ አጋማሽ በቻይና ጸጉር የተሠራ ዊግ እንዳይገባ ስትከለክል ገበያው ለኮሪያ ወለል ብሎ ተከፈተ። በ1970 ገደማ ዊግ ከአገሪቱ ዋና ዋና የውጭ ንግድ ሸቀጦች አንዱ ሆኖ ነበር።

አሜሪካ ላይ ዊጉን የሚቀበለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ኮሪያዊ ነው። ከ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ በኋላ የገባ፣ አገሩ ላይ የተማረና የቢሮ ሥራ የነበረው፣ እንግሊዝኛው አልፈታ ብሎት በጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር ዊግ እያዞረ መቸርቸር የጀመረ ሰው። የአንድ ቤት ልጆች ባይሆኑም፣ እናት የሸጠችውን እህት ቋጠረችው፣ ወንድም ባሕር ማዶ ነገደበት።

የኮሪያ ስደተኞች ታሪክ ሲተረክ ወላጅ ለልጁ የከፈለው ዋጋ ይቀድማል። አሥራ ስድስት ሰዓት ሱቅ የቆመ አባት፣ እጇ በላውንደሪ እንፋሎት የተላጠ እናት፣ በመጨረሻም ሐኪም ወይም ጠበቃ የሆነ ልጅ። ታሪኩ እውነት ነው፤ ክብርም ይገባዋል። እኔን የሚከነክነኝ ግን ዋጋው በቤተሰቡ ውስጥ እኩል አለመከፈሉ ነው። መጀመሪያ የተጠየቀችው ሴት ልጅ ናት። ከዚያ በላይ የሚከነክነኝ ደግሞ፣ መንግሥት በጀት ሊይዝለት የሚገባውን ነገር ሁሉ ለቤተሰብ ፍቅር አሸክሞ ዘመናትን መሻገሩ ነው።

ከ1950 እስከ 1953 የተካሄደው ጦርነት፣ የእኛም የቃኘው ሻለቆች የዘመቱበት፣ ኮሪያን ባዶ እጇን አስቀራት። ገበሬው ከመሬቱና ከከብቱ ሌላ የቀረው ተስፋ ትምህርት ነበር፤ ሁሉንም ልጆች ለማስተማር ግን አቅም አልነበረውም። ስለዚህ በሬው ተሸጦ ወንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። የበሬው ዋጋ ሲያልቅ ታላቅ እህት ወደ ሴኡል ትላካለች፤ ከአንደኛ ደረጃ ያልዘለለው ትምህርቷ እዚያ ላይ ያበቃል። ደመወዟ በየወሩ ወደ ቤት ይሄዳል። በቾንግዬቾን ወንዝ ዳር ባለው የሰላም ገበያ የልብስ ስፌት ክፍሎቹ ጣሪያ ዝቅ ከማለቱ የተነሳ ቀጥ ብሎ መቆም አይቻልም ነበር። በ1970 ቾን ቴ ኢል የተባለ የሃያ ሁለት ዓመት ሠራተኛ የሠራተኛ ሕጉ እንዲከበር እየጮኸ በዚያው ገበያ ራሱን አቃጠለ። ሲጮህላቸው የነበሩት አብዛኞቹ እነዚህ እህቶች ናቸው።

ከእነሱ አንዷ ኪም ክዩንግ ሱክ ትባላለች። ዋይ ኤች በተባለው የዊግ ፋብሪካ የምትሠራ፣ ታናሽ ወንድሟን ለማስተማር የለፋች ወጣት ነበረች። ፋብሪካውን ያቋቋመው ሰው ቀደም ብሎ አሜሪካ ገብቷል። በ1979 ድርጅቱ ሊዘጋ መሆኑ ሲሰማ ሴቶቹ የተቃዋሚውን ፓርቲ ጽሕፈት ቤት መጠጊያ አድርገው ተቀመጡ። በነሐሴ 11 ሌሊት ፖሊስ ገብቶ ደበደባቸው፤ ክዩንግ ሱክም ሞተች። ፖሊስ ራሷን ገደለች አለ። የእውነት አጣሪ ኮሚሽን መግለጫው ሐሰት መሆኑን ያረጋገጠው በ2008 ነው። የዚያ ሌሊት ቁጣ የተቃዋሚው መሪ ኪም ዮንግ ሳም ከምክር ቤት እስኪባረር፣ የቡሳንና የማሳን ከተሞች ለተቃውሞ እስኪነሱ ድረስ ገፋ። በጥቅምት 26 ፕሬዝዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ በራሱ የስለላ ሹም ተገደለ። የአንድ አገዛዝ መውደቂያ በከፊልም ቢሆን ለወንድሞቻቸው ሲሉ ዊግ ይቋጥሩ በነበሩ ልጃገረዶች ተጀመረ ብል አላጋነንኩም።

ሌሎቹ እህቶች ወደ ጀርመን ሄዱ። ከ1963 ጀምሮ ስምንት ሺህ ያህል ወንዶች በምዕራብ ጀርመን የከሰል ማዕድን ወረዱ፤ ከአሥር ሺህ በላይ ሴቶች ደግሞ በነርስነትና በረዳት ነርስነት ተከተሉ። ከማዕድን ቆፋሪዎቹ መካከል ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ነበሩ፤ ለመመልመል ሲሉ ለስላሳ እጃቸውን በድንጋይ ያሻከሩ እንዳሉ ይነገራል። ፓርክ በታኅሣሥ 1964 ዱይስበርግ ውስጥ ሃምቦርን በሚባለው ማዕድን ሲጎበኛቸው ብሔራዊ መዝሙሩ ሳያልቅ አዳራሹ በለቅሶ ተሞላ፤ እሱም አለቀሰ። ይህ ዕንባ በኮሪያ ደጋግሞ ይተረካል። ከዕንባው በኋላ ግን ነርሶቹ በውል ጊዜያቸው ሽንት ቤት ሲያጥቡና አስከሬን ሲያነሱ ቆዩ፤ ከደመወዛቸውም አብዛኛውን ወደ አገር ቤት ላኩ። በ1970ዎቹ የኢኮኖሚ ችግር ሲመጣ የጀርመን ባለሥልጣናት የመኖሪያ ፈቃዳቸውን አናድስም ማለት ጀመሩ። ያኔ ነርሶቹ ፊርማ አሰባስበው፣ አደባባይ ወጥተው የመቆየት መብት ጠየቁ፤ አገኙትም። ለሰው ሲሉ የተላኩ ሴቶች ለራሳቸው የጠየቁበት ነገር ስለሆነ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ልቤን የሚያሞቀው ይህ ነው።

ወደ አሜሪካ እንመለስ። በ1970 ሰባ ሺህ ያህል የነበሩት ኮሪያውያን በ1990 ስምንት መቶ ሺህ ገደማ ደረሱ። ብዙዎቹ ከአገራቸው የያዙት ዲግሪ ሥራ አላስገኘላቸውም፤ ባንክም አላበደራቸውም። መነሻ ካፒታሉ ከቁጠባና ከእቁብ መጣ። አዎ፣ እቁብ፤ ግዬ ይሉታል፤ አሠራሩ ያው የእኛው ነው፤ ዕጣ የደረሰው ሱቅ ይከፍታል። ሎስ አንጀለስ ያለ ሐበሻ ይህን ለማየት ሩቅ አይሄድም፤ በፌርፋክስ ያለችው ትንሿ ኢትዮጵያና ኮሪያታውን በአንድ የኦሊምፒክ ጎዳና ይገናኛሉ። ሱቁ ከተከፈተ በኋላ መላው ቤተሰብ ሠራተኛ ነው። እናት ካዝና ላይ፣ አባት ጭነት ላይ፤ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ለወላጆቹ የግብር ደብዳቤ ይተረጉማል፣ ከአከራይ ጋር ይከራከራል። ለማንም የማይከፈለው ይህ ጉልበት ባይኖር ሱቁ አንድ ዓመት አይቆምም ነበር።

የሱቁ ኪራይ የሚረክሰው ደግሞ ድህነት በበረታበት ሰፈር ነው። ደቡብ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ትልልቆቹ መደብሮች ጥለውት በወጡት ቦታ ኮሪያውያን መጠጥና ሸቀጣ ሸቀጥ መሸጫ ከፈቱ። ቂሙ በባለ ሱቆቹም በሰፈሩ ጥቁር አሜሪካውያንም በኩል ተጠራቀመ። በመጋቢት 1991 ላታሻ ሃርሊንስ የተባለች የአሥራ አምስት ዓመት ጥቁር አሜሪካዊት ልጅ በአንድ ጠርሙስ ብርቱካን ጭማቂ ሰበብ በኮሪያዊት ባለ ሱቅ ተተኩሶባት ሞተች፤ ባለ ሱቋ ጥፋተኛ ብትባልም የተፈረደባት እስር በገደብ ታለፈላት። የቤተሰብ መሥዋዕትነት የሚወደስበት ማንኛውም ጽሑፍ ይህችን ልጅ መዝለል የለበትም። ደክሞትና ፈርቶ ከመስታወት ጀርባ የሚቆም ሰው የጎረቤቱን ልጅ እንደ ልጅ ማየት ሊያቅተው ይችላል፤ ያንንም ዋጋ የከፈለችው አያቷ ያሳደገቻት የሌላ ቤት ልጅ ናት።

ከዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 1992፣ ጥቁር አሜሪካዊውን ሮድኒ ኪንግን የደበደቡት ፖሊሶች በነፃ ሲለቀቁ ከተማዋ ነደደች። ከስልሳ በላይ ሰዎች ሞቱ። 2,300 ያህል የኮሪያውያን ሱቆች ተዘረፉ ወይም ተቃጠሉ፤ አንድ ቢሊዮን ዶላር ከተገመተው ጥፋት ግማሽ ያህሉ የእነሱ ነበር። ለእርዳታ ቢደወልም ፖሊስ አልመጣም። በኮሪያኛ ሬዲዮ የተላለፈውን ጥሪ ሰምተው ሱቆቹን ለመጠበቅ ከወጡት አንዱ ኤድዋርድ ሊ የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ነበር። እናቱ አትሂድ ብላ ለምናዋለች። በማግስቱ በኮሪያኛ ጋዜጣ ላይ የወደቀ ወጣት ፎቶግራፍ አየች፤ ሸሚዙ ጥቁር ነው፤ ልጇ የወጣው ነጭ ለብሶ ስለነበር የእኔ አይደለም አለች። በኋላ ያንኑ ምስል በሌላ ጋዜጣ በቀለም ስታየው ያ ጥቁር ነገር ደም ነበር። ይህንን በ1993 በወጣ፣ የኮሪያ ሴቶችን ድምፅ ባሰባሰበ ጥናታዊ ፊልም ውስጥ ራሷ ትናገራለች። ለልጇ የሚሆን ሕይወት ፍለጋ ለመጣች እናት ከዚህ የከፋ ስሌት የለም።

ግንቦት 2 ቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኮሪያውያን በኮሪያታውን ሰልፍ ወጡ። ለወላጆቻቸው ደብዳቤ ሲተረጉሙ ያደጉት ልጆች አሁን ለመላው ማኅበረሰብ መናገር ነበረባቸው፤ ጠበቃዋ አንጄላ ኦ በብሔራዊ ቴሌቪዥን ቀርባ የተናገረችው በዚያ ሰሞን ነው። ያ ትውልድ ከዚያ በኋላ ዝም አላለም። በሰባት ዓመቷ ከሴኡል ኒው ዮርክ የገባችው ሚን ጂን ሊ፣ ወላጆቿ ማንሃተን ውስጥ ትንሽ የጌጣጌጥ ሱቅ ይዘው ያስተማሯት፣ በ1995 ጥብቅናዋን ትታ መጻፍ ጀመረች፤ የመጀመሪያ ልቦለዷ የወጣው በ2007 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ማለት ነው። በሬ ተሸጦ የተማረ ልጅ ሙያውን ሲተው ቤት ውስጥ ምን እንደሚባል የእኛም ሰው ያውቀዋል። ሊ አይዛክ ቹንግ ደግሞ አርካንሳ ውስጥ ያደገበትን ኑሮ «ሚናሪ» በተባለው ፊልሙ አሳየ። የፊልሙ አባት የጫጩት ጾታ በመለየት ይተዳደራል። ወንዶቹ ጫጩቶች ስለማይፈለጉ ይቃጠላሉ፤ ጭሱን እያየ ለልጁ እኔና አንተ ጥቅም መስጠት አለብን ይለዋል። ዋጋ የሚኖረን ለሌላው ስንጠቅም ብቻ ነው የሚለው ፍርሃት ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈበት ቅጽበት ነው። በዚያው ፊልም አያቷን የተጫወተችው ዩን ዮ ጆንግ እሷም አሜሪካ ኖራ የተመለሰች ናት፤ ከፍቺ በኋላ ሁለት ወንዶች ልጆች ለማሳደግ የተገኘውን ሚና ሁሉ ትቀበል ነበር። በ2021 ኦስካር ስትቀበል ለሥራ ከቤት ያስወጧትን ልጆቿን አመሰገነች።

ኮሪያ ውስጥ የቀሩትስ? የብሔራዊ ጡረታው የተጀመረው በ1988 ነው፤ ያኔ ብዙዎቹ እህቶችና እናቶች በቂ ዓመት ሊያዋጡ የማይችሉ ሆነዋል፤ ገንዘባቸውም በልጆች ትምህርት አልቋል። ከ65 ዓመት በላይ ከሆናቸው ኮሪያውያን 40 ከመቶ ያህሉ በአንጻራዊ ድህነት ውስጥ ይኖራሉ፤ በበለጸጉት አገሮች ማኅበር ውስጥ ከፍተኛው ነው። ሴኡል ውስጥ ካርቶን በጋሪ የሚሰበስቡ አሮጊቶችን ማየት ብርቅ አይደለም። ወጣቶቹ ይህንን እያዩ አደጉ። በ2023 አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው ልጅ በአማካይ 0.72 ብቻ ነበር፤ ከዓለም አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው። ብዙ ሰው ራስ ወዳድነት ይለዋል። እኔ እንደዚያ አላየውም፤ የእናታቸውንና የአክስታቸውን ሒሳብ ቁጭ ብለው የሠሩ ልጆች ናቸው።

የኮሪያ መንግሥት ለድሆች በሚሰጠው የኑሮ ድጎማ ላይ ለረጅም ዘመን አንድ ደንብ ነበር። ልጅሽ ገቢ ካላት አንቺ ድሃ አይደለሽም ይል ነበር፤ ልጅቷ ቤሳ ባትልክም፣ ለዓመታት ባይነጋገሩም። ማመልከቻቸው የተመለሰባቸው ብዙ ናቸው፤ ልጃቸውን ላለማስጨነቅ ጭራሽ ሳያመለክቱ የቀሩም አሉ። የአካል ጉዳተኞችና የድሆች ማኅበራት በሴኡል ግዋንግህዋሙን የምድር ባቡር ጣቢያ ውስጥ ከአምስት ዓመት በላይ ተቀምጠው ደንቡ ይነሳ ብለው ታገሉ። በጥቅምት 2021 ከኑሮ ድጎማው ላይ በአብዛኛው ተነሳ። ከሕክምናው ድጎማ ላይ ግን ያኔ አልተነሳም፤ አሮጊቷ ሐኪም ቤት ስትሄድ የልጇ ደመወዝ እንደ ቀድሞው መቆጠሩን ቀጠለ።