ፀጉሩን ያበቀለው ቅባቱ ነው ወይስ ጊዜው?

በሐይቅ ከተማም ሆነ በአምባሰል፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ፀጉሩ መሳሳት የጀመረ ወጣት ምክር አያጣም። አንዱ ቅቤ፣ ሌላው እሬት፣ ሦስተኛው የጉሎ ዘይት፣ አራተኛው የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ያዝዝለታል። ሁሉም «እገሌ ተቀብቶ በቀለለት» የሚል ምስክር አላቸው። ምስክሩ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ዋናው ጥያቄ ግን «ባይቀባስ ኖሮ አይበቅልም ነበር ወይ?» የሚለው ነው።

ለዚህ መልስ ለማግኘት የፀጉርን ዑደት ማወቅ ያስፈልጋል። በራሳችን ላይ 100,000 ገደማ ፀጉሮች ይገኛሉ። እያንዳንዱ ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል እያደገ ከ2 እስከ 6 ዓመት ይቆያል፤ ከዚያም 3 ወር ገደማ አርፎ ይረግፍና በሌላ ይተካል። በመሆኑም በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ቢረግፍ የጤና ነው። ከባድ ትኩሳት፣ ወሊድ ወይም የምግብ እጥረት ሲያጋጥም ግን ብዙ ፀጉሮች በአንድ ጊዜ ወደ ዕረፍት ስለሚገቡ፣ ከ2 እስከ 3 ወር በኋላ በብዛት ይረግፋሉ። መንስኤው ከተወገደ አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ በራሳቸው ተመልሰው ይበቅላሉ። በዚህ መሐል ቅቤ የተቀባ ሰው ምስጋናውን ለቅቤው ቢሰጥ አያስገርምም።

ጊዜንና ቅባትን ለይቶ የሚያሳየን ንጽጽር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ የባግዳድ ጥናት፣ ፀጉራቸው ክብ ክብ ሆኖ የተመለጠባቸውን ሰዎች በሁለት ከፈለ። የቀይ ሽንኩርት ጭማቂ በቀን 2 ጊዜ ከተቀቡት 23 ሰዎች የ20ዎቹ ፀጉር በ6 ሳምንት ሲበቅል፣ የቧንቧ ውኃ ከተቀቡት 15 ሰዎች ግን የበቀለላቸው 2 ብቻ ነበሩ። ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ቢሆንም የተካፋዮቹ ቁጥር አነስተኛ ነው። ከዚህም በላይ የተፈተነው የሰውነት መከላከያ የፀጉርን ሥር ሲያጠቃ የሚከሰተው ዓይነት እንጂ የዘር ራሰ በራነት አይደለም።

ከግንባር ጥግና ከአናት የሚጀምረው የወንዶች ራሰ በራነት መንስኤው ዘርና ሆርሞን ነው። ዳይሃይድሮቴስቶስትሮን የተባለው ሆርሞን የፀጉሩን ሥር ከዓመት ዓመት ያቀጭጨዋል። ቅቤና ጉሎ ፀጉርን ያለሰልሳሉ፤ ይህን ሆርሞን እንደሚገቱ ግን አልተረጋገጠም። በሰፊ ጥናት የተደገፉት ሚኖክሲዲልና ፊናስተራይድ የተባሉት መድኃኒቶች ናቸው። እነርሱም በሐኪም ምክር የሚወሰዱ ሲሆን፣ ሲቋረጡ ውጤታቸው ይጠፋል። ራሰ በራነት በራሱ ጤናን የሚጎዳ ባለመሆኑ፣ ፀጉርን አሳጥሮ ወይም ተላጭቶ መኖርም ያለ ወጪ የሚገኝ መፍትሔ ነው።

አደጋው ያለው ሁሉንም በአንድ ቅባት ለማከም ሲሞከር ነው። በሕፃናት ራስ ላይ የሚታየው ቅርፊት ያለው መመለጥ ብዙ ጊዜ በፈንገስ የሚመጣና ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሲሆን፣ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ጥሬ ነጭ ሽንኩርትን በቆዳ ላይ ለረጅም ጊዜ ማሰር ደግሞ ሊያቃጥል ይችላል፤ ቃጠሎው ጠባሳ ከተወ በዚያ ቦታ ፀጉር አይመለስም።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ቅባት ከመግዛታችሁ በፊት ባለፉት 3 ወራት ታማችሁ እንደሆነ አስታውሱ። ቅርፊት፣ ሕመም ወይም ድንገተኛ መመለጥ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የቤት መድኃኒት የምትሞክሩ ከሆነም አንዱን ብቻ ምረጡ፤ በየወሩ በአንድ ቦታና በአንድ ዓይነት ብርሃን ፎቶግራፍ ተነሡ፤ ከ6 ወር በኋላም የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አስተያዩ።