ሯጩን 25 ሜትር ለምን ያደክመዋል?

በየማለዳው እንጦጦን እየሮጠ የሚወጣ ጎልማሳ መዋኛ ገንዳ ገብቶ ማዶ ሳይደርስ የገንዳውን ጠርዝ ይዞ ሲያለከልክ ይታያል። ልቡ ጤነኛ ነው፣ ሳንባውም ሰፊ ነው። እሱ ግን «ትንፋሽ ያንሰኛል» ብሎ ሩጫውን ይጨምራል። መፍትሔው እዚያ አይደለም። ዋና ላይ ጽናት የሚመጣው ከጉልበት በፊት በስልት ነው።

ውኃ ከአየር 800 እጥፍ ያህል ይከብዳል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ ውኃው የሚፈጥረው ተቃራኒ ግፊት ወደ አራት እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ ለጀማሪ በኃይል መቅዘፍ ብዙ አያዋጣም፤ የሚያዋጣው ውኃው የሚያገኘውን አካል ማሳነስ ነው። አየር የሞላው ደረት ይንሳፈፋል፣ እግር ይሰምጣል። ፊት ለፊት ለማየት አንገት ቀና ሲል ዳሌ የባሰ ይወርዳል፤ ሰውየው የተከፈተ ጃንጥላ እንደሚጎትት ይሆናል። ዓይን ወደ ገንዳው ወለል ሲያይ ግን ዳሌ ራሱ ከፍ ይላል።

ዋናው ጣጣ ትንፋሽ ነው። ጀማሪው ፊቱን ውኃ ውስጥ ሲከት አየሩን አፍኖ ይይዛል፤ ሲዞር ደግሞ በዚያች ቅጽበት ማስወጣትም ማስገባትም ይፈልጋል። ደረቱን የሚያስጨንቀው በአብዛኛው የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን ሳይወጣ የተጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። መፍትሔው ፊት ውኃ ውስጥ ሳለ አየሩን በአፍንጫና በአፍ ቀስ እያሉ ማስወጣት፣ ሲዞሩ መሳብ ብቻ ነው። አንገት ብቻውን አይዞርም፤ ትከሻና ዳሌ አብረው ያጋድላሉ፣ አንዱ ዓይን ውኃው ውስጥ ይቀራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ በየሦስት ቀዘፋው መተንፈስ ቢያምርም ለጀማሪ በየሁለቱ ይሻላል።

ሯጮችን የሚጥላቸው ሌላው ነገር እግር ነው። ቁርጭምጭሚታቸው ግትር ነው፣ ጉልበታቸውን እያጠፉ ይራገጣሉ። በነጻ ቀዘፋ ወደ ፊት የሚገፋው በአብዛኛው ክንድ ሲሆን የጭን ጡንቻ ግን ብዙ ኦክስጅን ይበላል። ምቱ ከዳሌ ይነሳ፣ ትንሽና ልል ይሁን።

ልምምዱ ቀላል ነው፤ ትዕግሥቱ ይከብዳል። 25 ሜትር ዋኝቶ 30 ሰከንድ ማረፍ፣ ይህንን ስምንት ጊዜ መደጋገም። በየዙሩ የክንድ ቀዘፋን መቁጠር ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ ማሻቀብ ከጀመረ ስልቱ እየፈረሰ ነውና የዕለቱ ሥራ አብቅቷል። ሲለመድ ዕረፍቱ ወደ 20፣ ከዚያ ወደ 10 ሰከንድ ይወርዳል፤ ቀጥሎ ሁለቱን 25 ማገናኘት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት መሥራት ቅዳሜን ሙሉ ከመድከም ይበልጣል። ቀዝቃዛ ውኃ ትንፋሽን ይቆራርጣል፤ ከፍል ውኃ የሚቀዳው የሂልተን ዓይነት ገንዳ፣ ኪስ ከፈቀደ፣ ለጀማሪ ይመቻል።

ትንፋሽ ይዞ ከውኃ በታች የመቆየት የልጅነት ውድድር ጽናት አይገነባም። አስቀድሞ በፍጥነት እየተነፈሱ መጥለቅ እንዲያውም ያለ ማስጠንቀቂያ ራስን ሊያስት ይችላል። ስለዚህ ነፍስ አድን ሠራተኛ ያለበትን ገንዳ ይምረጡ፣ እግርዎ ወለል ከሚነካበት በኩል ይጀምሩ፣ ብቻዎን ደግሞ በፍጹም አይግቡ።