ቤተ ሰብ በውቅያኖስ ዳር ዓሣ ሲያጠምድ

በሐምሌና በነሐሴ፥ እኛ ጃንጥላ ይዘን ጭቃ ስንረግጥ፥ በአሜሪካ በጋ ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ከሚኖሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ በዚሁ ወራት ልጆቻቸውን በመኪና ጭነው ወደ ሜሪላንድ የባሕር ዳርቻ፥ ወደ ኦሽን ሲቲ ይወርዳሉ። መንገዱ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሌት ተቀን ሲሠራ የከረመ አባት ከልጆቹ ጋር ቀኑን ሙሉ የሚውለው ምናልባት በዓመት እነዚህን አራት አምስት ቀናት ብቻ ይሆናል። ታዲያ ልጆቹ ከውሃው፥ እናት ከጥላው ሥር፥ አባትም ከስልኩ ጋር ከሆኑ ዕረፍቱ በየፊናው አለቀ ማለት ነው። እኛ ለዚህ የምናዝዘው መድኃኒት አንድ የማጥመጃ ዘንግ ነው።

ሐይቅ ለሚያውቅ ሰው ውቅያኖስ እንግዳ ነው። በዝዋይ ወይም በሐዋሳ ቆሮሶና አምባዛ ሲጠመድ ያየ፥ ውሃውን ትናንት በተወበት ቦታ ዛሬም ያገኘዋል። ውቅያኖሱ ግን በጨረቃና በፀሐይ ስበት በዚያ አገር በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ይሞላል፥ ይጎድላልም። ከአንዱ ሙላት እስከ ሌላው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ፥ ዛሬ ጧት በ1 ሰዓት የሞላ ባሕር ነገ የሚሞላው በ1 ሰዓት ከ50 ግድም ነው። ሙላቱ ከመድረሱ በፊትና ካለፈ በኋላ ያሉት ሁለት ሁለት ሰዓታት ለጀማሪ ይሻሉታል፤ ከንጋት ወይም ከምሽት ጋር ከገጠሙለትማ እሰየው ነው። በቀትር ዘንግ ተክሎ መተከዝ ፀሐይ መሞቅ እንጂ ማጥመድ አይባልም።

ዋናው ጥበብ ባሕሩን ማንበብ ነው። ውሃው ሲጎድል ከፍ ካለ ስፍራ ቆሞ መመልከት ያስፈልጋል። ማዕበሉ ነጭ አረፋ ሆኖ ከሚሰበርበት ሥር የአሸዋ ጉብታ አለ፤ በጉብታውና በዳርቻው መካከል ውሃው የሚጠቁርበት ደግሞ ቦይ ነው። ዓሣ የሚመላለሰው በዚህ ቦይ ነው። ቦዩ አንዳንድ ጊዜ ከእግራችን 15 ሜትር እንኳ አይርቅም፤ ጀማሪው ግን ባለ በሌለ ኃይሉ ወርውሮ እርሳሱን ከዓሣው አሳልፎ ይጥለዋል።

ጉብታው የተቆረጠበት ስፍራም አለ። በማዕበል ወደ ዳር የተገፋው ውሃ ተመልሶ የሚወጣው በዚያ በር ነው፤ ጥቃቅን ፍጥረቶችን እየጠረገ ስለሚያወጣም ትልልቆቹ ዓሣዎች አድፍጠው ይጠብቃሉ። ይህ አጥማጅ የሚመኘው ስፍራ ለዋናተኛ የሞት ደጅ ነው። ማዕበል ስለማይሰበርበት ጸጥ ያለ ይመስላልና ወላጆች ‹‹እዚህ ይሻላል›› ብለው ልጆቻቸውን የሚያስገቡት በዚያው ነው። ጅረቱ ሰውን ወደ ታች አይጎትትም፤ ወደ ውስጥ ይወስዳል እንጂ። የሚገድለው ከእርሱ ጋር ታግሎ መድከም ነው። የተወሰደ ሰው ተንሳፎ ይቆይ፥ ከቻለም ከዳርቻው ጎን ለጎን እየዋኘ ከጅረቱ ይውጣ። ዋና የማያውቅ አባት ‹‹ልጄን!›› ብሎ ዘሎ ቢገባ ቤተ ሰቡ ሁለት ሰው ሊያጣ ይችላልና፥ የሚንሳፈፍ ነገር ይወርውር፥ የዳርቻውን ጠባቂም ይጥራ። ባሕሩን ለዓሣ ሲል ማንበብ የተማረ አባት ልጆቹ የት እንደማይዋኙ ያውቃል፤ እኛ ከዘንጉ የምንቆጥረው ትልቁ ትርፍ ይህ ነው። ንባቡም በየቀኑ አዲስ ነው፤ አሸዋው አንድ ቦታ አይቀመጥምና። የዱር ፈረሶች የሚኖሩባትን የአሳቲግን ደሴት ከኦሽን ሲቲ የለያት በ1933 (እ.ኤ.አ.) የተነሣ ዐውሎ ነፋስ ነው፤ ከዚያ በፊት አንድ መሬት ነበሩ።

ስለ ዕቃው ባለ ሱቁ ብዙ ይነግራችኋል፤ ሩቡን ብትሰሙ ይበቃል። ሦስት ሜትር የማይሞላ ዘንግ፥ ከ7 እስከ 9 ኪሎ የሚችል ክር፥ አሸዋ ነክሶ የሚቆም 100 ግራም ያህል ባለ ሾጣጣ እርሳስ፥ ሁለት ትናንሽ መንጠቆዎች። መንጠቆው ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረው ክብ ዓይነት ቢሆን እንመርጣለን። ዓሣው ሲነካ ዘንጉን መንጭቆ መሳብ አያስፈልግም፤ ክሩን ቀስ ብሎ መጠቅለል ነው፥ መንጠቆው ራሱ የአፉን ጥግ ይይዛል። የሚለቀቅ ዓሣም በሕይወቱ ይመለሳል።

ምግቡን ለልጆች ተዉላቸው። ማዕበሉ ሲመለስ እርጥቡ አሸዋ ላይ ትንንሽ የሹካ ምልክቶች ይታያሉ፤ ከሥራቸው እንደ እንቁላል የተጠጋጋች፥ የማትቆነጥጥ የአሸዋ ሸርጣን አለች። ቀጣዩ ማዕበል ሳይደርስ ቆፍሮ መያዝ ለአምስት ዓመት ሕፃን የተፈጠረ ሥራ ነው። ሸርጣን ከጠፋ ሽሪምፕ ወይም ትል ይገዛል።

የሚያዘው ብዙ ጊዜ ኪንግፊሽ ወይም ስፖት የሚባለው ነው፤ ትናንሽ ናቸው፥ ግን ይጣፍጣሉ። ብሉፊሽ ስለታም ጥርስ ስላለው መንጠቆውን በጣት ሳይሆን በጉጠት ያወጧል። ጅራተ ረዥሙ ጠፍጣፋ ስቲንግሬይ ከመጣ ልጆችን አርቆ ክሩን መቁረጥ ይሻላል፤ የጅራቱ እሾህ መርዝ አለው፤ የወጋው ሰው እግሩን በሚቻለው ልክ በሞቀ ውሃ ነክሮ ወደ ሐኪም ይሂድ። በሜሪላንድ 16 ዓመት የሞላው ሰው የማጥመድ ፈቃድ ያወጣል፤ የሚወሰደው ዓሣ ልክና ቁጥርም በየዓይነቱ ተወስኗልና የዘመኑን ደንብ ማየት ይገባል።

የተያዘው ዓሣ ወዲያው አንጀቱ ወጥቶ በበረዶ ላይ ይዋል። ማታ ዱቄት ነስንሶ በዘይት መጥበስና በዳጣ ማቅረብ ነው። ጊዜው ፍልሰታ ስለሆነ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ግን ለየቤቱ እንተዋለን።