ከላሆር ሱቅ የወጣው ዲስክ

ኮምፒዩተር ሲበላሽብን ከቦሩ ሜዳ ተነሥተን ደሴ ወዳለ ጥገና ቤት ስንወስድ ለባለሙያው የምናስረክበው ዕቃውን ብቻ አይደለም። የቤተሰብ ፎቶግራፍ፣ የንግድ ሂሳብ፣ የተማሪ ጽሑፍ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ባለሙያው ምን ያህል ኃላፊነት እንዳለበት ለመረዳት የአንዲት ትንሽ የኮምፒዩተር ሱቅ ታሪክ ይበቃል።

ባሲትና አምጃድ ፋሩቅ አልቪ የተባሉ ወንድማማቾች በፓኪስታን፣ ላሆር ከተማ «ብሬይን» የተሰኘ የኮምፒዩተር ሱቅ ነበራቸው። ለልብ ሕክምና የሚረዳ ፕሮግራም ሠርተው ቢሸጡ ሰዎች ያለ ፈቃድ ያባዙባቸው ጀመር። ልፋታቸውን ለማስከበር እ.ኤ.አ. በ1986 ከፍሎፒ ዲስክ ወደ ፍሎፒ ዲስክ የሚዛመት ሌላ ፕሮግራም ጻፉ፤ የሱቁን ስም፣ አድራሻና ስልክም አሰፈሩበት። ፕሮግራሙ ግን ባሕር ተሻገረ። ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ሳይቀር ስልክ ይደወልላቸው ጀመር። በአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተሮች ላይ የተሰራጨው የመጀመሪያ ቫይረስ ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ፊንላንዳዊው የቫይረስ ተመራማሪ ሚኮ ሂፖነን ላሆር ሲሄድ ወንድማማቾቹን እዚያው አድራሻቸው አገኛቸው። ሱቁ አድጎ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪ ድርጅት ሆኖ ነበር።

ውድ አንባብያን! አጭበርባሪን ለመያዝ የተለቀቀው ፕሮግራም ጥፋተኛውን ከንጹሑ አልለየም። ዛሬ ፍሎፒ ቢቀርም ፍላሽ ዲስክ በየጥገና ቤቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሙያውን የያዛችሁ ወጣቶች ሆይ! የአንዱን ደንበኛ ፍላሽ በሌላው ኮምፒዩተር ላይ ከመክፈታችሁ በፊት በጸረ ቫይረስ ፈትሹ። የሰው ፋይል አማና ነውና ባለቤቱ ሳይፈቅድ አትዩ፣ አትገልብጡም።