የዘንጎቹ ቁመት ስንት ቮልት ነው?

የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተሠራው መልካ ጀብዱ ነው። ፋብሪካ ባለበት ደግሞ የሞተርን ፍጥነት የሚቆጣጠር ኢንቨርተር አይጠፋም። ኢንቨርተር ከመስመሩ ከረንት የሚስበው ለስላሳ በሆነ ሞገድ ሳይሆን እየቆራረጠ ነው። ስለዚህ በሰከንድ 50 ጊዜ በሚመላለሰው መብራታችን ላይ 250፣ 350 እና 550 ኸርዝ የሆኑ ትርፍ ሞገዶች ይደረባሉ። ሃርሞኒክስ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ጭነቱ ሳይበዛ ትራንስፎርመር ሲግል ቀድመው የሚጠረጠሩትም እነሱ ናቸው።

ጥርጣሬውን የሚያጣራው መሣሪያ ፓወር አናላይዘር ይባላል። የለካውን ሞገድ ኤፍኤፍቲ በተባለ ስሌት ይበትንና ለእያንዳንዱ ድግግሞሽ አንድ ዘንግ ያቆማል። ጣጣው የሚመጣው የዘንጉን ቁመት ስናነብ ነው።

ሶኬት ላይ 220 ቮልት አለ እንበል። መሣሪያው በሰከንድ 10,000 ጊዜ እየለካ ለ0.2 ሰከንድ ቢቆይ 2,000 ናሙና ይሰበስባል። ያልተስተካከለው ስሌት 50 ኸርዝ ላይ 311,000 ያወጣል! የሚያስደነግጥ ነገር የለውም፤ ስሌቱ ናሙናዎቹን ደምሮ ስላላካፈለ ነው። ለ2,000 ሲካፈል 155.5 ይሆናል። ግማሹ ደግሞ ስሌቱ በሚፈጥረው አሉታዊ ድግግሞሽ በኩል ተቀምጧል፤ ስለዚህ በ2 ይባዛል፤ 311። ይህ የሞገዱ ጫፍ ነው። ለ1.414 ሲካፈል የምናውቀው 220 ይመጣል፤ አርኤምኤስ የሚባለው ይህ ነው። ዜሮ ኸርዝ ላይ ያለው ዘንግ ግን በ2 አይባዛም፤ ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው።

የልኬቱ ርዝመትም ቁመቱን ይለውጣል። በ0.2 ሰከንድ ውስጥ 10 ሙሉ ዑደት ይገባል። በ0.21 ሰከንድ ግን 10 ተኩል ይሆንና ረጅሙ ዘንግ ከ311 ወደ 198 ገደማ ይወርዳል፤ የቀረው ወደ ጎረቤቶቹ ይፈሳል። ቮልቴጁ አልቀነሰም፤ የተቆረጠበት ቦታ ነው ያበላሸው። ዓለም አቀፉ ደረጃ ለ50 ኸርዝ መስመር 10 ዑደት የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ዳርና ዳሩን የሚያለሰልሰው ሃን የተባለው መስኮት ፍሰቱን ይቀንሳል፤ ቁመቱን ግን በግማሽ ስለሚያሳንስ መልሶ በ2 ማባዛት ግድ ነው።

ሃርሞኒክስ ከዋናው ሞገድ በመቶኛ ሲነገር እነዚህ ማባዣዎች እርስ በርስ ይጣፋሉ። የመማሪያ መጻሕፍት ለባለ ስድስት ዳዮድ ኢንቨርተር የከረንቱን አምስተኛ ሃርሞኒክ (250 ኸርዝ) 20 በመቶ ያደርጉታል፤ ከረንቱን የሚያለሰልስ ጥቅል (ሪአክተር) የሌለው ትንሽ ኢንቨርተር ግን ከዚያ በእጅጉ ሊበልጥ ይችላል። የኬብል ሙቀት ለማስላት ሲሆን መቶኛው አይበቃም፤ አምፔሩ በአርኤምኤስ መታወቅ አለበት።